ማተብ ያለው ድስት

ባለቤቴ ጽጌሬዳ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ትቆጣኛለች። «ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ፣ ዶሮው ከነእንቁላሉ ቀርቦለት፣ ጾሙን በሽሮ የሚፈታ ሰው ካንተ በቀር አይቼም ሰምቼም አላውቅ!» ትለኛለች። ትቆጣ፤ መብቷ ነው። እሷ ያኔ አልነበረችም። ልጆቼም ጥግ ይዘው «አባባ ጃጀ መሰለኝ» እያሉ ይንሾካሾካሉ። እሰማቸዋለሁ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ከዚህ ወዲያ ስለ ሽሮዬ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር።

እኔ የተማርኩት እዚሁ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ አባ አንሴልሞ የሚባሉ ፈረንሳዊ ካህን ከከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። እሳቸው «ኮሌጅ» ይሉታል። ኮሌጅ እቴ! አሥራ አንድ ተማሪ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያፈስ ጣራ። የከተማው ሰው «የአባ ቤት» ነበር የሚለው። አባ አንሴልሞ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ብርድም ሆነ ጭቃ ያንኑ ነጠላ ጫማቸውን የሚጫሙ፣ ሲቆጡ ፊታቸው በርበሬ የሚመስል ሰው ነበሩ። ቁጣቸው ግን ከምሳ አያልፍም። አማርኛ ይናገራሉ፤ ብቻ ወንዱን ሁሉ «አንቺ» ይላሉ። «አንቺ እንደሻው፣ ዛሬም አላጠናሽም!» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ እሳቸውም ምን እንዳሳቀን ሳይገባቸው አብረውን ይስቃሉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንደሳቸው ያለ ሰው ዳግመኛ አላየሁም።

የገባነው ካቶሊክ ልንሆን አልነበረም። ፈረንሳይኛ ያወቀ ልጅ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ወይ ጉምሩክ ይቀጠራል ስለተባለ ነው። እናቴ ወይዘሮ ሰገነት፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላት እኔን ብቻ ነበር። የነፍስ አባቷ «ልጅሽን ለፈረንጅ ሰጠሽ፤ አንድ ቀን ማተቡን በጥሶ ይመጣልሻል» እያሉ ሲያስፈራሯት፣ እሷ «ማተቡም አንገቱ ላይ ነው፣ ጾሙንም አልገደፈ» እያለች ትሟገትልኝ ነበር። «ሃይማኖቱን ያቆሸሸ ዕለት ግን ማንም ሳይነግረኝ እኔው ራሴ ጎትቼ አወጣዋለሁ» ብላ ምላላቸዋለች። እናቴ ደግሞ ከማለች ማለች ነው።

እዚያ ያገኘሁት ጓደኛ ዐብዱልሐኪም ይባላል። የጀጎል ልጅ ነው፤ የአው ዐብዱልወሃብ ልጅ። «አው» ብለው የሚጠሩት እነሱ የተከበረ አባትን ነው። አው ዐብዱልወሃብ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ቁርኣኑን፣ ኪታቡን፣ የአባን የፈረንጅ መጽሐፍ ሳይቀር ቆዳ ያለብሳሉ። ልጃቸውን ያስገቡ ዕለት ለአባ ያሉትን ዐብዱልሐኪም በየጊዜው እየደገመ ነግሮኛል፤ «ዕድሜዬን ሙሉ የመጽሐፍ ጀርባ ስሰፋ ኖርኩ። እርስዎ የሚያመጡልኝን እሰፋዋለሁ እንጂ ምን እንደሚል አላውቅም። ከቤቴ አንድ ሰው እንኳ ይወቅ። ዲኑን ግን አይንኩብኝ። ምግቡም አማና፣ አደራ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ የቀመሰ ዕለት ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።» አባም ደረታቸውን መትተው ቃል ገቡላቸው።

ዐብዱልሐኪም ደግሞ ትምህርቱን እንዴት ይወደው እንደነበር! እኔ ለጉምሩክ ደመወዝ ስል ነበር የማጠናው። እሱ ግን አባቱ የጠረዙትን መጽሐፍ ገልጦ አንዲት ገጽ ሳይደናቀፍ ያነበበ ቀን ከደስታው የተነሳ ምሳውን ረሳ። «ለአባቴ አነብለታለሁ፤ እየሰፋ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ» ይለኝ ነበር። አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ከአንድ መጽሐፍ ነው የምናነበው። እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ፤ ምን አሳፈረኝና እደብቃለሁ?

ትምህርት ቤቱ አዳሪ ነው። አባ «ማታ ቤታችሁ ከሄዳችሁ ፈረንሳይኛው በየመንገዱ ይፈስሳል» ስለሚሉ ከቅዳሜ በፊት ቤቱን የሚያይ የለም። ስለዚህ የሁላችንም ምግብ እዚያው ይበስላል። የክርስቲያኑ ከብት በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፣ የእስላሙ በቢስሚላህ፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ በአፉ አያዞርም። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አባም ቃላቸውን ለመጠበቅ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት አድርገው ነበር። ሁለት ገበታ፣ ሁለት የውሃ እንስራ፣ ሁለት ድስት። ማንም ተበለጥኩ እንዳይል ድስቶቹን ከአንዲት ሸክላ ሠሪ በአንድ ቀን ገዟቸው፤ መንታ ናቸው፣ በምንም አይለዩም።

ወጥ ሠሪያችን እትዬ በለጡ ናት መላ ያመጣችው። የክርስቲያኑ ድስት ጆሮ ላይ ማተብ አሰረችበት። አዎ፣ ማተብ! ሰማያዊ፣ አንገታችን ላይ እንዳለው ያለ። አባ አይተው «ይህች ድስት መቼ ተጠመቀች?» ቢሏት፣ «እርስዎ ዝም ይበሉ፤ የአገሩን ነገር ለኔ ይተዉት» ብላ አባረረቻቸው። ከዚያ ወዲያ በኮሌጁ የምንታወቀው በድስቱ ሆነ። ማተብ ያለው ድስት የኛ፣ ማተብ የሌለው የነዐብዱልሐኪም። እኛ ስምንት እነሱ ሦስት ሆነን፣ ደወል ሲደወል ከአንድ ወንበር ተነሥተን እኔ ወደዚህ ጥግ፣ እሱ ወደዚያ ጥግ እንሄዳለን። ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተን እንበላለን። ስንት ነገር ተካፍለን አንዲት ጉርሻ ተጎራርሰን አናውቅም ነበር።

ያ ዓመት ጉደኛ ነበር። የኛ ሁዳዴ፣ የአባ ጾም፣ የነሱ ረመዳን ሦስቱም ተደራረቡ። ተማሪው ጿሚ፣ ካህኑ ጿሚ፣ ወጥ ሠሪዋ ጿሚ፤ ኮሌጁ በሙሉ ጠውልጎ ነበር። ለገሠ የሚባል ሆዳም ጓደኛ ነበረን፤ አባ ሰሌዳ ላይ «በግ» የሚለውን በፈረንሳይኛ ሲጽፉ ምራቁን ሲውጥ ከኋላ ወንበር ይሰማል። የአባ ፋሲካ ቀድሞ አለፈ፣ የኛ ተከተለ፣ ወዲያው ዒድ ሆነ። ሁሉም በየቤቱ አክብሮ ሲመለስ አባ «አሁን የሚጾም ማንም የለም። ኮሌጁ በአንድ ቀን ይደሰት» ብለው ሁለት ፍየል ገዙ። አንዱ ሸዋ በር በክርስቲያን እጅ፣ አንዱ ጀጎል ውስጥ በእስላም እጅ ታረደ። እትዬ በለጡ ሁለቱን ድስት ጎን ለጎን ጣደች፤ አንድ ዓይነት በርበሬ፣ አንድ ዓይነት ቅቤ።

በኮሌጁ ከፈረንሳይኛ በቀር መናገር ክልክል ነው። ሌላ ቋንቋ ያመለጠው ልጅ «ሲኛል» የምትባል ቁራጭ እንጨት ይሰጡታል። ሌላ ጥፋተኛ ይዞ እስኪያስተላልፋት ድረስ እሷን ተሸክሞ ይዞራል። ምሳ ሲደርስ እጁ ላይ የተገኘችበት ልጅ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ይቀዳል፣ እሳት ይጠብቃል። የዚያን ቀን እንጨቷ እኔ ጋ ነበረች። ሽታው ከወጥ ቤቱ እየመጣ አንጀቴን ሲያላውሰው ወደ ዐብዱልሐኪም ጠጋ ብዬ በአማርኛ «ሸተተህ?» አልኩት።

«ኧረ ዝም በል፣ ሞቼልሃለሁ!» አለኝ እሱም በአማርኛ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማው።

አባ ዞረው አዩን። «አንቺም፣ አንቺም! ሁለትሽም ወጥ ቤት!»

እንግዲህ የተራቡ ሁለት ጅቦችን ሥጋ ጠብቁ ብሎ መላክ ማለት ይህ ነው። እትዬ በለጡ ስታየን ደስ አላት፤ ጎረቤት ለቅሶ ነበረባት። «ደርሼ ልምጣ። እሳቱ እንዳይጠፋ፣ ድስቶቹን ደግሞ በእጃችሁ እንዳትነኩ! ወዮላችሁ!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኛም እሳቱ እንዳይጠፋ አልን መሰለኝ፣ ያለውን እንጨት ሁሉ ማገድንበት። ነበልባሉ ድስቶቹን አልፎ ወጣ። በስንት መከራ በውሃና በአመድ አበረድነው። ያኔ ልብ ብለን የድስቶቹን ጆሮ አላየንም።

ውሃው አለቀና ዐብዱልሐኪም ሊቀዳ ወጣ። እኔ ከሥጋው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እትዬ በለጡ የኛን ድስት ሁልጊዜ የምትጥደው በግራ በኩል፣ ወደ በሩ ነው። ግራውን ከፈትኩና ጨው ልቅመስ አልኩ። አንድ ቁራጭ ቀመስኩ፤ ጨዉ በደንብ አልታወቀኝምና አንድ ደገምኩ። ዐብዱልሐኪም ሲመለስ አፌን ጠርጌ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እንጨት ላመጣ ወጣሁ።

እትዬ በለጡ ገባች። ገና ከበሩ ላይ ቆመች። «ማተቡስ?» አለች። ዞር ዞር ብላ ፈለገች። «ኧረ በስመ አብ! የድስቱ ማተብ የት ሄደ?»

ሁለቱም ድስቶች ራቁታቸውን ናቸው። ከጉልቻው ሥር አመድ ላይ ጫፏ የቀረች አንዲት ሰማያዊ ክር አነሳች። ነበልባሉ በልቶታል። «ምን ያስጨንቅሻል፣ ግራው የኛ አይደለም ወይ?» አልኳት እኔ።

«ዛሬ ግራው ጭሱ አስቸግሮኝ አዟዙሬያቸዋለሁ! አንዴ መሰለህ? ማተቡን አምኜ ስንት ጊዜ አገላበጥኳቸው!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ የግራውን ክዳን አየችው፤ ገርበብ ብሏል። «ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፤ ከግራው» አልኩ።

ዐብዱልሐኪም ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔም ከግራው» አለ። «ማተብ የለውም፣ የኛ ነው ብዬ።»

ተያየን። ከአንድ ድስት በልተናል። እኔ በቦታው፣ እሱ በማተቡ ፈርደን፣ ሁለታችንም የራሳችን መስሎን። ድስቱ ግን የአንዳችን ነው። ከሁለታችን አንዱ የሌላውን ሥጋ በልቷል፤ የትኛችን እንደሆነ የሚያውቅ ከሰማይ በታች የለም። ለገሠና ሌሎቹ ሮጠው መጡ፤ ሥጋውን አሸተቱ፣ አጥንት እያነሱ አዩ። ፍየል ፍየል ነው። አባ መጡና ነገሩን ሲሰሙ «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ድስት ውስጥ አያይም» አሉ። አሥራ አንዳችንም፣ እትዬ በለጡም አፍጥጠን አየናቸው። ሥጋው ምን ይሁን? ማንም አይነካው። ፈላና በር ወጥቶ ለጅብ ተደፋ፣ ለገሠም እስከ በሩ ድረስ እያለቀሰ ሸኘው።

አባ ነገሩን መደበቅ ይችሉ ነበር። አሥራ አንድ ልጅ ነው፣ ዝም በሉ ቢሉን ዝም እንል ነበር። እሳቸው ግን «አማና ተቀብያለሁ» ብለው በዚያው ቀትር ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ አው ዐብዱልወሃብ ሱቅ ወረዱ። እናቴ ዘንድ ደግሞ እትዬ በለጡ ራሷ እየተንሰቀሰቀች ሄደች። «ከሁለቱ አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም» የሚል መልእክት ለሁለቱም ደረሰ። «ነገ ጠዋት እንመጣለን» አሉ ሁለቱም።

ከሰዓት በኋላ ዐብዱልሐኪምን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ያንን አባቱ የጠረዙትን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሽፋኑን ይደባብሳል፤ አይገልጠውም። «ያወጣኛል» አለኝ። «አባቴ ቃሉን አያጥፍም። ነገ ወደ ሙጫውና ወደ መርፌው ነው። አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀረኝ፣ እንደሻው።»

«የኔም እናት ምላለች» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። እኔ ግን ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ በልቤ ቆረጥኩ። እኔ ጉምሩክ ባልገባ ሌላ ሥራ አላጣም፤ ጉልበት አለኝ፣ አፍ አለኝ። እሱ ግን ከመጽሐፍ ከተለየ ይሞታል። ድስቱ የነሱ ነበር እላለሁ። የእስላም ሥጋ የበላሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ በቃ። የእናቴን ፊት ግን ላስበው አልደፈርኩም። እሱም ጎኔ ተቀምጦ ምን ሲያስብ እንደነበር በምን ልወቅ?

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሁለት ወንበር ወጣ። አው ዐብዱልወሃብ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ እጃቸው የቆዳ ቀለም እንደያዘ መጥተው በአንዱ ተቀመጡ። እናቴ በሌላው፣ ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች። አንድ ከተማ ኖረው ተነጋግረው አያውቁም። አባ በመካከላቸው ቆመው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። ልጆቹ ሁሉ ግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል።

«ልጄ፣» አሉ አው ዐብዱልወሃብ ቀስ ብለው፣ «የበላኸው የማንን ነው?»

«የክርስቲያኖቹን ነው» አለ ዐብዱልሐኪም፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ። «እንደሻው የራሱን ነው የበላው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ውሰደኝ።»

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። ከዚያ ደሜ ፈላ። «ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ድስቱ የነሱ ነበር! የእስላም ሥጋ የበላሁት እኔ ነኝ! እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«አንተ ምን አግብቶህ!» አለ ዐብዱልሐኪም ዘወር ብሎ። «ድስቱ የናንተ ነው አልኩ እኮ!»

«የናንተ ነው!»

«ምን ታውቃለህ አንተ? ፊት ለፊትህ ያለውን ድስት እንኳ መለየት አትችል!»

«አንተስ ቻልክ? ማተቡ ሲቃጠል እያየህ የት ነበርክ?»

ደረት ለደረት ተጋጠምን። ተይዘን ባንለያይ ኖሮ እሱ ነው፣ እኔ ነኝ እየተባባልን እንደባደብ ነበር። ሁለት ልጆች እኔ ነኝ የረከስኩት ብለው ሲናነቁ ያየ ሰው አለ? ለገሠ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቴ ተነሥታ መጣች። ከአንገቴ ላይ ማተቤን ይዛ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችኝ። «እንደሻው፣ ዓይኔን እያየህ፣ በዚህ ማተብ ማልልኝ። የእስላም ሥጋ በልቻለሁ በል።»

ማተቤን ጨበጥኩ። አፌን ከፈትኩ። ልምል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልምል ነበር። ምላሴ ግን ታሰረ። የማላውቀውን እንዴት ልማል? በማተብ ይቀለዳል?

«አንተስ?» አሉት አው ዐብዱልወሃብ ልጃቸውን። «ወላሂ በልና ንገረኝ።»

ዐብዱልሐኪም «ወላ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን።

አው ዐብዱልወሃብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲመለሱ በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «እንግዲህ ሁለቱም አያውቁም» አሉ። «አንዱ ሌላውን ሊያተርፍ ራሱን ሊጥል ነው የመጣው። ሳያውቅ የበላውን አላህ ይምረዋል። እኔ እዚህ ዲኑን እንዳያስጥሉት ነበር የፈራሁት። ጓደኛውን እንዳይጥል ማን አስተማረው?» ብለው ወደ አባ ተመለከቱ።

አባ አንሴልሞ ጢማቸውን ይዘው «እኔ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው ያስተማርኩት» አሉ። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።

እናቴ ማተቤን ለቀቀችው። አስተካክላ ደረቴ ላይ አኖረችው። ከዚያ ዐብዱልሐኪምን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ልክ ቤቷ እንዳደገ ልጅ። «አንተ ቀጫጫ፣ ለኔ ልጅ ብለህ ነው?» አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ወደ አባቱ ዞረች። «ይስሙኝ አባቴ፣ እኔ ልጄን አላወጣም። ለነፍስ አባቴ የማልኩት መሐላ አለ፣ እሱን እኔ እወጣዋለሁ። እርስዎም አያውጡ።»

«አላወጣም» አሉ እሳቸው። «ግን ነገ ደግሞ ሌላ ማተብ ይቃጠላል። እመቤት፣ እስቲ ልጠይቅዎ፣ ሽሮ የማን ነው?»

«ሽሮማ የማንም አይደል። አይታረድ፣ ቢላዋ አይነካው!»

«ምስርስ?»

«እሱም።»

«እንግዲያውስ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ እዚህ ቤት ሥጋ አይግባ። ሥጋ ያማረው ቅዳሜ ከእናቱ ቤት ይብላ።»

«ተስማምቻለሁ» አለች እናቴ፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደተስማማ ሰው። አባም በደስታ በፈረንሳይኛቸው «ዊ! ዊ!» አሉ። ከግድግዳው ሥር ግን የለገሠ ድምፅ ጮኸ። «ኧረ የሰው ያለህ! እኛ ምን አጠፋን? ሁዳዴን ገና ጨርሰን ሌላ ሁዳዴ?» የሰማው የለም።

እትዬ በለጡ ሁለቱንም ድስቶች አውጥታ ድንጋይ ላይ ከሰከሰቻቸው። እናቴ «ለማንኛውም» ብላ ጸበል አስረጨችኝ፣ የነፍስ አባቷም ለማንኛውም ስግደት አሰገዱኝ። ዐብዱልሐኪምንም አባቱ ለማንኛውም ገላውን አሳጥበው ተውበት የሚሉትን ንስሐ አስገቡት። ከዚያ አው ዐብዱልወሃብ አዲስ ድስት ገዝተው ላኩልን፣ ትልቅ፣ አሥራ አንድ ልጅ የሚችል። አንድ ብቻ። ጆሮው ላይ ምንም አልታሰረበትም።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ደወል ተደወለ፣ እኔ እንደልማዴ ወደ ጥጌ፣ እሱም ወደ ጥጉ ልንሄድ ስንል እትዬ በለጡ አንዱን ትልቅ ገበታ ክፍሉ መሐል አስቀመጠችው። ዙሪያውን ተቀመጥን። ማንም እጁን አይዘረጋም፤ እንተፋፈራለን። ያኔ ዐብዱልሐኪም እንጀራውን ቆርሶ ሽሮውን አጠቀሰና፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ አፌ ላይ ደነቀረው። ሊያንቀኝ ነበር። እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው አልኳቸው።

እሱ ትምህርቱን ጨረሰ። የአባቱን ሱቅ ተረከበ፣ አው ዐብዱልወሃብ እስኪሞቱ ድረስ ማታ ማታ እሳቸው እየሰፉ እሱ አነበበላቸው። እኔም ጉምሩክ ገባሁ። ለገሠ ድሬዳዋ ሄዶ ወፈረ። አባ አንሴልሞ እዚሁ አርፈው ተቀበሩ።

ዐብዱልሐኪም በየፋሲካው «እንኳን አደረሰህ» ሊለኝ ጠዋት ይመጣል። ለሱ ዒድ ደግሞ እኔ እሄዳለሁ። ጽጌሬዳ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት አላት፤ እየተቆጣችም ቢሆን በሱ ሽሮ ትሠራልናለች። ቁጭ ይልና «ያ ድስት የናንተ ነበር፤ የበላሁት እኔ ነኝ» ይለኛል። «የናንተ ነበር እንጂ! እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ስንጨቃጨቅ ሽሮው ይቀዘቅዛል፣ ጽጌሬዳ ከጓዳ ትጮሃለች። እሱም ዝም ሊያሰኘኝ እንጀራ ይቆርሳል። ሁዳዴን ሙሉ የጾምኩትን ጾም የሚፈታልኝ የዚያ ሰው ጉርሻ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ ዶሮው ቢቀርብ ባይቀርብ አልነካም።